ከአምስት በታች

ቤር ሼቫ፣ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው ክፍል፤
ሥራዬ ሰው መቁጠር፣ ሥራዬ ሰው መክፈል።
ከላይ አልጋው አለ፣ መርፌው፣ ጠብታው አለ፤
እኔ ጋ ሲወርድ ግን ሰው ቁጥር አከለ፤
በብብት ሥር ያበጠ፣ ባንገት ያጎነቆለ፣
ንፍፊት ሲባል ከርሞ በዓምድ የተደለደለ።

አንዱ ዓምድ ለዓይነቱ፦ ትልቁ ሴል፣ ትንሹ ሴል፣
ቸኩሎ የሚሮጥ፣ ዓመት ተኝቶ የሚውል፣
ቆዳ ላይ የሚወጣ፣ አንጀት ውስጥ ሥር የሚሰድ፣
ሆጅኪን የሚሉት ደግሞ፣ ወጣት የሚወድ።
አንዱ ዓምድ ለትውልድ አገር፦
ካዛብላንካ፣ ኪየቭ፣ ባግዳድ፣ እዚሁ።
ይህች አገር ከየት ከየት እንደ መጣች የጠፋው ሰው
ታሪክ አያገላብጥ፤ ይውረድና የኔን ሠንጠረዥ ይይ።

ስም ማየት አይፈቀድም። አያለሁ።
ሉድሚላ፣ ከካርኪቭ፤ ትልቁ ሴል። ቫዮሊን ታስተምር ነበር።
ሙሴ ቡስኪላ፣ የዲሞና ጫማ ሰፊ፤ ቀስ የሚለው ዓይነት፣
አሥራ አንድ ዓመት እንደ አማት አብሮት የኖረ።
ሳሊም፣ ከራሃት፣ ሃያ ያልሞላው፤ ሆጅኪን።
እናቱ ኮሪደር ላይ ቃሉን በአፏ መዝና መዝና፣
"የሰው ስም ነው?" ብላ ጠየቀች።
አዎ፣ የሰው ስም ነው። የሐኪም።
ልጇ ላይ የማታውቀው ሰው ስም ወጣ።

አንድ ቀን ከላይ ተደወለ፦ አማርኛ የሚችል ይምጣ።
ጋሽ ቸኮል አስረስ፣ ከነቲቮት፣
ድሮ ወገራ ብረት ቀጥቃጭ።
ሐኪሙ ዓረፍተ ነገሩን እየቆረጠ ሰጠኝ፤
ለዚያ ረጅም ስም አማርኛ የለኝም።
"ዕጢ" አልኩ።
"ዕጣ?" አሉ፤ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል።
"ዕጢ፣ ጋሼ።"
"ያው ነው" አሉ፣ "ሁለቱም ይወጣል፤
ለማን እንደሚወጣ ማን ያውቃል።"

ዓመቱ ሲያልቅ ሠንጠረዡ ታጥቦ ተተኩሶ ወጣ።
ሕግ አለው፦ ከአምስት ያነሰ ቁጥር አይጻፍም፤
ሰው እንዳይለይ፣ ጎረቤት እንዳይጠቁም፣
በቁጥሩ ፈንታ ኮከብ ይቀመጣል።
"ትውልድ፦ ኢትዮጵያ" በሚለው መስመር
ኮከብ፣ ኮከብ፣ አንድ ሰባት፣ ኮከብ፣ ደግሞ ኮከብ።
ኮከቦቹን የምተክላቸው እኔ ነኝ። ደግ ሕግ ነው።
የጋሽ ቸኮል ልጅ ቢታመም ግን ዓምዱ ሌላ ነው፦ እዚሁ።
አባትና ልጅ እኔ ወረቀት ላይ አይገናኙም።

በሦስተኛው ዙር መድኃኒት፣ ፀጉራቸው ከረገፈ ወዲያ፣
"ልጄ" አሉኝ፣ "እንደኔ ያለ ስንት ሰው አለ?"
"ጥቂት።"
"ጥቂት ስንት ነው?"
ከንፈሬን ነከስኩ። "ከአምስት በታች።"
አውራ ጣታቸውን አጠፉ፤
አራቱን ወደ መብራቱ አነሱ።
አንዷ ጥፍር የላትም፣ መዶሻ የበላት።
ያችኑ እያዩ "አንዱ እኔ ነኝ" አሉ፤
"ሦስቱን ማግኘት አይቻልም?"
"ክልክል ነው፣ ጋሼ።"
"ሰንበት ሲወጣ ብንገናኝ ብዬ ነው።
ለጸሎት አሥር ይጠይቃሉ፣
ለበሽታ አራት መች አነሰ።"

ምን እንደ መለስኩ አላስታውስም።
ነርሷ መጣች፣ ጠብታውን ነካ ነካ አደረገች፣ ሄደች።
እሳቸው እጃቸውን አላወረዱም፤
ሊያወርዱት የረሱት ይመስል ነበር።

ሥራ ቆየኝ። ካዛብላንካ። እዚሁ። እዚሁ። ኪየቭ።
አሳንሰሩ ተከፈተ፣ ገባሁ፤
አንዲት ባለ ባልዲ፣ አንድ ወታደር፣ አንድ ሽማግሌ ፋይል ያቀፈ።
ማንም ማንንም አላየም።
በሩ ሲዘጋ፣ ሳላስበው፣ ቆጠርኩን፦
አራት።